ዕጩዋ በሐረጎ ዳገት

ዙበይዳ በሺር ለፓርላማ ልትወዳደር ነው የተባለ ዕለት ኮምቦልቻ በሳቅ ፈነዳች።

የክፋት ሳቅ አልነበረም። ዙበይዳን የማይወድ ሰው በከተማው ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። የበርበሬ ወንዝ ሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ የጋሽ በሺር ልጅ ናት። እግሯ ገና ፔዳል በወጉ ሳይደርስ፣ ሊጠገን የመጣ የሰው ብስክሌት ይዛ ከቦርከና ድልድይ እስከ ፋብሪካው በር ስትበር ያላያት የለም። ኋላ ብሔራዊ ቡድን ገባች። ባሕር ተሻግራ፣ ከስንት አገር ሴቶች ጋር ተጋፍታ የነሐስ ሜዳሊያ ይዛ የተመለሰች ጊዜ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሼኩም ቄሱም መንገድ ዳር ጎን ለጎን ቆመው አጨብጭበውላታል። ታዲያ ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ!

«ፓርላማው ቁልቁለት መሰላት እንዴ?» አለ አንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ።

«ምልክቷንስ አላየህም? ብስክሌት ነው የመረጠችው» አለው ጓደኛው። «ሁለት ጎማ ያለው ነገር ካልተደገፈ መች ይቆማል!»

ቀልዱ ከሻይ ቤት ገበያ፣ ከገበያ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ተመልሶ ጋሽ በሺር ሱቅ ደረሰ። ጋሽ በሺር የጎማ ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለጉ ነበርና ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «እሱማ ሊቆም አልተሠራም፤ ሊሄድ ነው የተሠራው» አሉ። ያቺ መልስ በማግስቱ ከቀልዱ ብሳ ከተማውን ዞረችው።

ዘመኑ ዘጠና ሁለት ነው። በሰሜን ጦርነት አለ፤ የሰው ጆሮ ሬዲዮ ላይ ተተክሏል፤ ምርጫውም በዚያው መሐል እየገሰገሰ መጥቷል። በዙበይዳ የምርጫ ክልል ገዢው ድርጅት ያቀረበው አቶ አግማስን ነበር። አቶ አግማስ ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ግማሹን ከተማ ያስተማሩ፣ ግማሹን ደግሞ የገረፉ ሰው ናቸው፤ ዙበይዳ በሁለቱም በኩል ነበረችበት። እሳቸውን አንድ በግሉ የሚወዳደር ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም ፔዳል ከመርገጥ ሌላ ሙያ የሌላት ሴት ታሸንፋቸዋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ለእሷ ግን ሐሳቡ እንዲሁ ከሰማይ ዱብ አላለም።

ሜዳሊያዋን ያገኘችው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች፣ ጠዋት ዙሪያዋን መዞር ቢጀምሩ ለምሳ በሚጨርሷት አንዲት ትንሽ የደሴት አገር ነው። ሜዳሊያውን ያጠለቁላት የአገሪቱ ሚኒስትር ነበሩ፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ ሴት። በወጣትነታቸው ለአገራቸው የሮጡ ሯጭ ኖረዋል። ግብዣው ላይ አጠገቧ ተቀመጡና ከየት እንደመጣች ጠየቋት። «ከደሴ አጠገብ» አለች። የቡድኑ መሪ ቀልደኛ ነበርና «እሷም የደሴት ልጅ ናት» ብሎ ተረጎመው። ሚኒስትሯ በደስታ ተነሥተው አቀፏት። ዙበይዳ በኋላ ነገሩ ሲገባት በሳቅ ሞተች።

«እኔ ስሮጥ ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር» አሏት ሚኒስትሯ። «መሮጥ ሳቆም እሱም ማጨብጨቡን አቆመ። ያ ሁሉ ጭብጨባ እንዲሁ ነፋስ ይዞት ሊሄድ ነው? ብዬ አሰብኩ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ያኔ ስላጨበጨባችሁልኝ አላህ ይስጥልኝ፤ አሁን ደግሞ ድምፃችሁን ስጡኝና መንገዳችሁን ላሠራ አልኳቸው። ሰጡኝ። አሠራሁ።»

አላህ የሚለውን የጨመረው የቡድን መሪው ይሁን ሴትዮዋ ዙበይዳ አላወቀችም። ብቻ ሳቀችና ወደ ምግቧ ተመለሰች። ነገሩ የሌላ አገር ወግ እንጂ የእሷ ጉዳይ አልመሰላትም።

የእሷ ጉዳይ የሆነው ሐረጎ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው ያ ጠመዝማዛ ዳገት የልምምድ ሜዳዋ ነበር። አንድ ቀን ከላይ እንደ ንሥር ስትወርድ የፊት ጎማዋ ኩርባ ላይ ፈነዳ። ጉልበቷ ድንጋይ ላይ አረፈ። ወደ ደሴ የምትወጣ ፒካፕ አንሥታ ከኋላ አስተኛቻት። እዚያ ላይ ሌላ ሴት ተኝታ ነበር። አትጠገብ ትባላለች፤ ምጥ ጠንቶባት፣ ኮምቦልቻ የሚያዋልዳት ሐኪም ታጥቶ ከሐርቡ የመጣች ናት። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር አትጠገብ የዙበይዳን ጣቶች ትጨመድዳለች፤ ዙበይዳም የራሷን ሕመም ረስታ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ፣ ደረስን» ትላለች። አልደረሱም። እናትዬዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ደሴ ሳይገቡ ሞተ።

የዙበይዳ ጉልበት በብሎን ታሠረ። ውድድርም በዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ስብሰባ እጇን አውጥታ፣ «ኮምቦልቻ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም የሚመጣው መቼ ነው?» ማለት ልማዷ ሆነ። መልሱም ያው ልማድ ሆነ፤ «ይታሰብበታል።»

አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ስብሰባ ተመልሳ ለባሏ ለሁዘይፋ፣ «እኔ ልወዳደር ነው» አለችው።

ሁዘይፋ ፒካፕ የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው። «ጉልበትሽስ?» አላት ደንግጦ።

«በብስክሌት አይደለም። ለፓርላማ።»

ጥቂት አሰበና፣ «እሱ ይሻላል» አለ። «ከወደቅሽም አይሰበርሽም።»

የምርጫውን ዘመቻ የያዘችው ጓደኛዋ ፀሐይነሽ ናት። ፀሐይነሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ስለሆነች ከማሽን ጩኸት በላይ መናገር ለምዳ፣ ሹክ ስትል እንኳ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ዙበይዳ ግን የመናገር ነገር አልሆነላትም። ሐርቡ ገበያ ላይ የመጀመሪያ ንግግሯን ልታደርግ ሞንታርቦ ፊት ስትቆም አፏ ደረቀ። ያዘጋጀችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «እኔ... ምልክቴ ብስክሌት ነው» አለች። ሰው ጠበቀ። «ብስክሌት... ምረጡኝ» ብላ ድምፅ ማጉያውን ለፀሐይነሽ ወረወረችላት።

አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ብስክሌቱን ብትነጂልን ይሻል ነበር» አሏት። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ማዘናቸው ያስታውቃል። እሷን ያቃጠላት ማዘናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ደሴ ላይ የተወዳዳሪዎች ክርክር ተጠራ። በትልቅ አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ለቀሪው ሕዝብ ደግሞ ሞንታርቦ ወደ ውጭ ተዘርግቶ። ከኮምቦልቻም ከሐርቡም ሰው በአውቶቡስ እየተጫነ ሊሄድ ነው። ዙበይዳ እንቅልፍ አጣች።

«ብቀርስ?» አለች ለፀሐይነሽ።

«ብትቀሪ እኔ እገልሻለሁ» አለች ፀሐይነሽ። «እኔ ከፋብሪካው ሴቶች ጋር በጠዋት ወጥቼ ከፊት ወንበር እይዛለሁ። ሲጠፋብሽ እኔን እያየሽ ተናገሪ። ሌላውን ሰው ጎመን ነው በይ።»

የክርክሩ ቀን ሚያዝያ አጋማሽ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲያካፋ አድሯል። ዙበይዳ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አሥራ ከሁዘይፋ ጎን ተቀመጠች። ፒካፑ ላይ የድሮ የውድድር ብስክሌቷ ቆሟል፤ ለዘመቻ ብለው በባንዲራ አስጊጠውት ነው እንጂ ማንም ሊነዳው አላሰበም። ጋሽ በሺር ግን ልማድ ነውና ጎማውን ነፍተው፣ ካቴናውን ዘይት ቀብተው ነው የሰጧቸው።

ሐረጎ ሥር ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቷል። ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ኩርባው ላይ ተጋድሞ ከግራ እስከ ቀኝ ሞልቶታል። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም፤ ሾፌሩ ሲሚንቶ ነክቶት ነጭ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለሚጠይቀው ሁሉ ፍሬን እንዴት እንደከዳው ይናገራል። ከኋላው አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው ተሰልፎ ሰዉ ወርዶ በየዛፉ ሥር ቆሟል።

«ማንሻ መኪና እስኪመጣ ማታ ነው» አለ አንድ የአውቶቡስ ረዳት።

ሁዘይፋ ሞተሩን አጠፋ። ሰዓቱን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ሚስቱን ግን ሊያያት አልደፈረም። ዙበይዳ በውስጧ እፎይ አለች። በቃ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ማን ይፈርድባታል? ወዲያው ደግሞ በዚያ እፎይታ አፈረች። ዓይኗ ወደ ዳገቱ ሄደ። የወደቀችበት ኩርባ ከዚህ ይታያል። ያን ቀን መንገዱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮስ አትጠገብ ራሷ ትተርፍ ነበር?

በሩን ከፍታ ወረደች።

«የት ነው?» አለ ሁዘይፋ።

«አውርድልኝ።»

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን ነዋ! ቀበቶህንም አምጣ።»

«ዙቤ፣ ጉልበትሽ—»

«ሁዘይፋ፣ በነብዩ ይዤሃለሁ! ሰዓት የለም!»

አወረደላት። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ በቀበቶው አሠረችው፤ ከሥር ሱሪ ለብሳለች። ሸበጧን አውልቃ የእሱን ሸራ ጫማ በካልሲ ጠቅጥቃ አጠለቀች። ባንዲራዎቹን ከመሪው ፈትታ ለእሱ ሰጠችው፤ አንዷ ብቻ ከኮርቻው ሥር ተረስታ ቀረች። ብስክሌቱን ተሸክማ በተጋደመው መኪናና በገደሉ አፋፍ መካከል በነበረችው ቀጭን ቦታ ስታልፍ ሰዉ ትንፋሹን ያዘ። ወዲያ ማዶ ስትወጣ አንዱ ለያት።

«ኧረ ዙበይዳ ናት! የጋሽ በሺር ልጅ! ለክርክሩ በብስክሌት ልትወጣ ነው!»

ሁሉም ወደ መንገዱ ግር ብሎ ወጣ። ከአውቶቡስ የወረዱ ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። የሲሚንቶው ሾፌር ራሱ ሐዘኑን ረስቶ ከድንጋዩ ተነሣ። ዙበይዳ ቂጢጥ ብላ ፔዳሉን ረገጠች፤ ብስክሌቱ አንዴ ተንገዳገደ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ቀና ብሎ ሄደ።

የመጀመሪያው ኩርባ ደግ ነበር። ሰውነቷ የሚያውቀውን ነገር ሳይጠየቅ አስታወሰ፤ ወገብ ዝቅ፣ ትከሻ ልቅ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሳንባዋ እሳት ሆነ። ማርሹን አቀለለች። ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ውስጥ ያለው ብሎን እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛት ጀመር። አስፋልቱ በካፊያው ረጥቦ ያዳልጣል። ላብና ዝናብ አንድ ላይ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። «ያ ረቢ» አለች፤ «ያ ረቢ፣ ይህችን ብቻ»፤ ያቺ ስታልፍ ደግሞ ሌላ «ይህችን ብቻ»።

ከላይ የሚመጡትም መኪኖች መንገዱ መዘጋቱን ስላልሰሙ እየወረዱ ነበርና አንዱ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ቆመ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ «እህት፣ የት ነው በዚህ ዝናብ?» አለ።

«ደሴ! ክርክር!» አለች፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበራትም።

ረዳቱ ባይገባውም፣ «በርቺ! ሐረጎ ላንቺ ምንሽ ነው!» ብሎ የመኪናውን ጎን በእጁ እየደበደበ አጀባት። ጥቂት ዝቅ ብሎ ያሉ ገበሬዎች ማረሻቸውን አቁመው ያዩአት ነበር፤ አንደኛው ጅራፉን አንሥቶ ሰማይ ላይ አጮኸላት። ዙበይዳ ሳቅ መጣባት። በዚያ ስቃይ መሐል፣ ጉልበቷ እየነደደ፣ ሳንባዋ እየተቀደደ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። ጮቤ የሚያስረግጥ ደስታ! ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለብሳ እንኳ እንዲህ ሆና አታውቅም።

የወደቀችበት ኩርባ ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ጉልበቷ ያረፈበትን ድንጋይ ታውቀዋለች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆማ ረገጠች፤ ጉልበቷ አንዴ ከዳት፤ ብስክሌቱ ወደ ገደሉ ዘመም አለ። እግሯን መሬት ልታስነካ ስትል፣ አሁን ብትወርድ መልሳ እንደማትወጣ ገባት። ጥርሷን ነክሳ መሪውን ወደ ዳገቱ መለሰችው። አንድ ረገጣ። ሌላ። ከዚያ ድንጋዩ ከኋላዋ ሆነ።

ሐረጎ ጫፍ ላይ የባሕር ዛፉ ሽታ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለዝባል። የጦሳ ተራራ ደመና ተከናንቦ ከሩቅ ታየ፤ ደሴም ከሥሩ። ማርሹን አከበደችና ለቀቀችው።

ቧንቧ ውሃ ሰፈርን አልፋ ወደ ፒያሳ ስትጠጋ የሞንታርቦ ድምፅ ከሩቅ ሰማች። የአቶ አግማስ ድምፅ ነው፤ የጠዋት ሰልፍ ላይ ስትሰማው ያደገችው። ክርክሩ ተጀምሯል! መንገዱን የሞላውን ሕዝብ ደወሏን እያንቃጨለች ሰንጥቃ አዳራሹ በር ላይ ደረሰች፤ ብስክሌቱን ባገኘችው ሰው እጅ ላይ ጥላ ገባች።

ጭቃ ከጫማዋ እስከ አገጯ ለብሷታል። ቀሚሷ እንደታሠረ ነው። ከፊት ወንበር የፀሐይነሽ ጩኸት ጣሪያውን ነካ። «መጣችላችሁ! አላልኳችሁም? መጣችላችሁ!»

መድረክ መሪው መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «ወይዘሮ ዙበይዳ፣ እናዝናለን» አላት። «የመናገሪያ ተራ እጣ ሲወጣ ያልተገኘ ተወዳዳሪ አይናገርም። ደንቡ ነው። ተቀምጠው ማዳመጥ ይችላሉ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ፀሐይነሽ ተነሥታ የሆነ ነገር ልትል ስትል አቶ አግማስ ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ ወደ ዙበይዳ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሐረጎ መኪና ተገልብጦ ተዘግቶ ነው ጋሼ። በብስክሌት መጣሁ።»

«ሐረጎን? በዚያ ጉልበት?»

«አዎ ጋሼ።»

ከጎናቸው የተቀመጠ የድርጅታቸው ሰው ኮታቸውን ጎተተ፤ እጁን ቀስ ብለው አነሡት። «ሠላሳ ዓመት ተማሪ አረፈደ ብዬ በር ላይ ስቀጣ ኖሬያለሁ» አሉ ለመድረክ መሪው። «እንዲህ አድርጎ ያረፈደ ግን አላየሁም። ከእኔ ጊዜ ግማሹን ለእሷ ስጧት። የራሴን ጊዜ መስጠት በደንባችሁ የተከለከለ ነው?»

አልተከለከለም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዙበይዳ ወደ መድረኩ ወጥታ ድምፅ ማጉያውን ያዘች። እንዳለፈው ጊዜ አፏ አልደረቀም፤ ትንፋሿ ገና ስላልተመለሰ ለፍርሃት ቦታ አልነበራትም። ጎመን የሚመስል ሰውም አላየችም። የምታየው ሰው ነበር፤ የኮምቦልቻ፣ የሐርቡ ሰው፤ ከኋላ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች አንዲት ሴት። አትጠገብ ናት።

«አሁን... አሁን ሐረጎን ወጥቼ መጣሁ» አለች እያለከለከች። «እኔ ጤነኛ ነኝ። ለዚሁ የሠለጠንኩ ነኝ። ልቤ ግን አፌ ውስጥ ገብታ ነበር። ታዲያ... ምጥ የያዛት ሴት በዚያ መንገድ እንዴት ትውጣ? አንዲት እህቴ ከጎኔ ተኝታ ወጥታለች። እጄን ይዛ። ልጇ ደሴን አላየም።»

አትጠገብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ሌላ ብዙ ነገር አላውቅም» አለች ዙበይዳ። «ፋብሪካ አሠራለሁ፣ ጦርነት አስቆማለሁ ብዬ አልዋሽም። ኮምቦልቻ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም፣ የሚሠራበትም ክፍል እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ይታሰብበታል ሲሉኝ፣ አስባችሁ ጨረሳችሁ ወይ? ብዬ በማግስቱ እመጣለሁ። ዝም አልልም። እኔ አንድ ነገር ነው የምችለው፤ ዳገት ላይ አለመውረድ።»

አቶ አግማስ ተራቸው ሲደርስ የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ነበር። «የጤናው ጉዳይ በእኛም እቅድ ውስጥ አለ» አሉ።

«መቼ ጋሼ?» አለች ዙበይዳ ከመቀመጫዋ።

«በሚቀጥለው የበጀት...» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። እውነተኛ ሰው ናቸው። ሕዝቡን አዩ፤ ጭቃ የለበሰችውን የድሮ ተማሪያቸውን አዩ። «ቀኑን አላውቀውም» አሉ። «ባውቀው ደስ ባለኝ።»

ሁዘይፋ አመሻሹ ላይ ደሴ ሲደርስ ሚስቱን ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚያወሯት ሴቶች መሐል አገኛት፤ ጉልበቷ አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል፤ እሷ ግን አታቆምም፤ ትናገራለች። «ይች ሴት እኮ አትናገርም ነበር» አለ ለፀሐይነሽ በመገረም።

«ሐረጎ አስተፋት» አለች ፀሐይነሽ።

ከዚያ እስከ ምርጫው ቀን ብስክሌት ያላት ከተማ ሁሉ አበደች። የፋብሪካ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ብስክሌቱ ላይ ቅጠል አሥሮ ደወሉን እያስጮኸ ያልፋል። ሐርቡ ገበያ ላይ እነዚያ ሽማግሌ በትራቸውን አንሥተው፣ «ማሻአላህ! ዛሬ ደግሞ ንግግሩን ንጂልን!» ብለው አስጀመሯት፤ እሷም ነዳችው።

ድምፅ በተሰጠ ማግስት ዙበይዳ መጠበቁን አልቻለችም፤ አባቷ ሱቅ ገብታ አንድ የተበላሸ ፔዳል ትፈታለች፣ ትገጥማለች፣ መልሳ ትፈታለች። ፀሐይነሽ ውጤቱን ልታይ ከሄደች ቆይታለች። ረፋዱ ላይ ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ዙበይዳ ብቅ ስትል፣ በሕይወቷ ብስክሌት ነድታ የማታውቀው ፀሐይነሽ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ብስክሌት ላይ ወጥታ፣ መሪውን እንደ በግ ቀንድ ይዛ ቁልቁል ትመጣለች። ፍሬን እንዳለውም የምታውቅ አትመስል።

«ዙቤ! ዙቤዬ! ያዢኝ! አሸነፍሽ! ኧረ ያዢኝ!»

ሱቁ በር ላይ ከተከመሩት ጎማዎች ጋር ተላትማ ወደቀች። ጉልበቷ ተልጧል፤ አንድ ጫማዋ የለም። እዚያው ወድቃ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ «አሸነፍሽ አልኩሽ እኮ! ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት።

ዙበይዳ አጠገቧ አፈር ላይ ቁጭ አለች። እጇ ላይ ፔዳሉ አለ። ጋሽ በሺር «አልሐምዱሊላህ» ብለው የዘይት ጨርቃቸውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ በሰው ተሞላ። እልልታው፣ ደወሉ፣ የአይሱዙው ጡሩንባ ተደበላለቀ። አትጠገብ ከሐርቡ በሚኒባስ መጥታ ዙበይዳን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

ያን ቀን ማን እንዳልመጣ ዙበይዳ አስተውላለች። በማግስቱ ጠዋት ግን አቶ አግማስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ብቻቸውን ደጇ ላይ ቆመው ተገኙ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ።

ዙበይዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ። ያን ቀን ጊዜዎን ባይሰጡኝ ኖሮ—»

«እሱን ተይው። ድርጅቴም ያንኑ ነው የሚለው» አሉ ወደ ውስጥ እየገቡ። «ሲቆጡኝ ነው ያመሹት። አሁን ደክሟቸው ተኝተዋል።»

ሳቀች። እሳቸውም በከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ አሉ፤ ዳይሬክተር ሳሉ እንዲህ ሲሆኑ አይታ አታውቅም።

«የመጣሁት ለሐኪሙ ነገር ነው» አሉ። «ደሴ ጤና መምሪያ ውስጥ የድሮ ተማሪዎቼ አሉ። አንዳንዶቹን በደንብ ነው የገረፍኳቸው፤ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ይነሣሉ። አንቺ ደግሞ የሕዝብ ድምፅ አለሽ። አንዳችን ብቻችንን ብንሄድ ይታሰብበታል ነው የሚሉን። ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያዩ ግን ግራ ይገባቸዋል።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ? አብረውኝ ሊሄዱ?»

«ዛሬ። ሰው ግራ ገብቶት ሳለ ነው መያዝ ያለበት።»

ዙበይዳ ሻሿን ከግድግዳው ላይ እየመነተፈች ሁዘይፋን ጠራችው። ሦስቱ ፒካፗ ውስጥ ተጣበው ተቀመጡ፤ አቶ አግማስ መሐል፣ ባርኔጣቸው ጭናቸው ላይ። በርበሬ ወንዝን ሳያልፉ ማን አስቀድሞ ይናገር በሚለው ተጣሉ።

«እድሜ ይቀድማል» አሉ አቶ አግማስ።

«ያሸነፍኩት እኮ እኔ ነኝ ጋሼ!»

«ስለዚህ አንቺ መጨረሻ ላይ ተናገሪ። የመጨረሻው ነው የሚታወስ።»

ሁዘይፋ ማርሹን ቀየረና፣ ወደ ሐረጎ ዳገት ለፒካፗ ነዳጁን ሰጣት።